ሳህን መደርደሪያዬ ላይ የተሠራው ሰርቨር

ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ ደግሞ ኮቴሽን ሰምቼ ቆጣሪ አንባቢው መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ነይ፣ ነይ... ሊፍቱማ ዛሬም እንደቆመ ነው። «በቅርቡ ይጠገናል» የሚል ወረቀት ለጠፉበት፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆነ። ቀስ እያልን አብረን እንውጣ። ጉልበቴ በየደረጃው ይቆጣኛል። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ለኔ ስትዪ ትንሽ ብትዘገዪ ምን ትሆኛለሽ?

ዘንቢሉን? አይ፣ ተይው፤ ሽንኩርትና ሳሙና ነው። ደግሞ አንቺ ራስሽ እጅሽ ሙሉ ነው። ምንድነው እሱ... ላፕቶፕ? ዳር ዳሩ ተፋፍቋል፤ አሮጌ ነው መሰለኝ። ወደ ላይ ይዘሽው ከወጣሽ እንግዲህ ላይ ቤት የሚረከብሽ ሰው አለ ማለት ነው። ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ቀለበቱንም አላየሁም... ያምራል ግን። ጣትሽ ላይ ትንሽ ሰፋ አላለም? ምናልባት የገዛው ሰው ልክሽን የጠየቀው ስልክ እያወራ ይሆናል። ግድ የለም፣ ክር ይጠመጠምበታል።

ትምህርት ቤት እንዴት ነው? መስማት የተሳናቸው ልጆች ነው አይደል የምታስተምሪው? የምድር ቤቷ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። የእጅ ምልክቱን አንድ በአንድ ራስሽ እየሳልሽ ነው አሉ የምታስተምሪያቸው፤ «ውሃ» ሲባል ጣት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ «ናፈቅሽኝ» ሲባል መዳፍ የት እንደሚያርፍ። ሥዕሎቹ እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው? ሁሉም? ሌላስ ቦታ... የለም?

አይ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ። ምንም ከማይናገር ሰው ጋር መግባባት መቻልሽ ግን ደስ ብሎኛል። ለትዳር ይጠቅማል።

እስቲ እዚህች ማረፊያ ላይ ትንፋሼን ልሰብስብ... ጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን አንድ ነገር ላጫውትሽ? ስለ አንድ ሰው ነው። አንቺ የምታውቂው ሰው አይደለም። ከየት ታውቂዋለሽ? ከተማው ስንት ሰው አለበት።

የነገረችኝ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ናት፤ ያ ማዕዘኑ ላይ ያለው ፀጉር ቤት። እሷ ከባሏ ሰማች፤ ባሏ ደግሞ ከራሱ ከባለ ጉዳዩ አፍ። ወንድ ልጅ ፀጉር ቤት ገብቶ ፎጣ አንገቱ ላይ ሲታሰርለት ምን እንደሚነካው አላውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል። ምላጩ አንገቱ ላይ ሲሆን እውነት ይናገራል፤ ቤቱ ሲገባ ምላጭ የያዘበት ሰው የለም፣ ያው ዝም ነው። ሚስትየው ምስጢር ነው ብላ ነው የነገረችኝ። እኔም ምስጢር ነው ብዬ ነው የምነግርሽ። ድምፄ ከፍ ካለብሽ የጆሮዬ ነገር ነው፤ ራሴን ካልሰማሁ ማውራት አይሆንልኝም።

ሰውዬው ጎበዝ ነው። ይሄን ካሁኑ ልናገር፣ በኋላ አማችው እንዳትዪኝ። የተማረ ነው፣ ቁመናው ያምራል፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ማን ተኮሰው አላልኩም፤ የተተኮሰ ነው ነው ያልኩት። ለጤናው ደግሞ ሲጠነቀቅ... ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሲወጣ አንድ ቀን አላየሁትም። ታላቅ እህቱ ናት የምታወጣው። እሱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «እትዬ፣ በጉልበትሽ አንሺው እንጂ በወገብሽ አይደለም» ይላታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሐኪሙም እኔን እንዲሁ ነው ያለኝ። ሐኪሙ ግን በየደረጃው ቆሞ አላለኝም።

እህቱ ናት ያሳደገችው። እናታቸው ስታልፍ ጫማውን እንኳ ማሰር አያውቅም ነበር። አሁንም የምታስርለት እሷ ናት የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው፣ እኔ አላየሁም... አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ያን ቀን ቸኩሎ ነበር። ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፤ «ይሄን ልጅ ከዳር ላድርሰው» እያለች መለሰቻቸው። አደረሰችው። ዳሩ ምቹ ስለሆነ መሰለኝ እዚያው ተቀመጠ።

የጥልፍ ማሽን አላት። አይተሽ ታውቂያለሽ? አናቱ ላይ የክር ድውር ተደርድሮ፣ መርፌው እንደ ዶሮ ምንቃር ጨርቁን ሲለቅም። ማሽኑ ግን ከራሱ አንድ አበባ አያወጣም። ጥልፉ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ መርፌው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚዞር፣ የት ላይ ክሩ እንደሚለወጥ። ሴትዮዋ ይሄን ቁጭ ብላ ነጥብ በነጥብ፣ ዓይኗ ደም እስኪመስል፣ ስታበላሽ እየፈታች ስትሠራ ኖረች። የትምህርት ቤት ዓርማ፣ ፎጣ ላይ የሚያርፍ ፊደል፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ። ከሁሉም ግን ያች ሐረግ። የሙሽራ ቬሎ ጠርዝ ላይ የምትዞር ሐረግ አለቻት፤ ዙሪያውን ሄዳ ሄዳ ከራሷ ጋር ስትገናኝ መጋጠሚያዋ የት እንደሆነ አይታወቅም። ልጄን የዳርኩ ጊዜ ቬሎውን አልጋ ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግኩት። አጣሁት። የሌላ ሰፈር ጠላፊዎች ሳይቀሩ ደንበኛ መስለው መጥተው አይተዋል፤ እነሱም አላገኙትም።

እንውጣ? ያዢኝማ... እንዲያ። ላፕቶፑን እንዳትጥዪው።

አንድ ቀን ሰውዬው ጆሮውን የእህቱ ኮምፒውተር ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆየና «እትዬ፣ ይሄ ሊሞትብሽ ነው» አላት። እውነቱን ነው። እኔ ከታቻቸው ባለው ቤት ሆኜ ሰው የሚያንኮራፋ ይመስለኝ ነበር... ከታች ያልኩት እንዲያው ለአባባል ነው፤ የት ሕንፃ እንደሆነ አልተናገርኩም። «ከአሮጌ ኮምፒውተሮች አንድ ሰርቨር እሠራልሻለሁ» አላት። ሰርቨር ምን እንደሆነ አንቺ ሳትሰሚ አትቀሪም፣ የሚነግርሽ አታጪም። እኔ እንደገባኝ የቤቱ ሁሉ ነገር የሚቀመጥበት ጓዳ ነው። ሁሉም ከየክፍሉ፣ ከየስልኩ ሆኖ ከሱ ያወጣል፣ እሱ ላይ ይጨምራል። እሱ ግን አይጮህም፣ አይጠይቅም፣ ሌት ተቀን ቆሞ ያገለግላል። ቢረሱት እንኳ አይቀየምም። ሰውዬው ይሄን ዓይኑ እያበራ ሲያስረዳኝ «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገርማ ቤትህ ውስጥ አለህ፣ ጥልፍ ትጠልፋለች» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። የሰው ነገር ውስጥ መግባት አልወድም።

አሮጌ ነገር ማክበሩ ግን ያስመሰግነዋል። ክሊኒኩ ከጣለው አንድ፣ ከማተሚያ ቤቱ አንድ፣ ከአማቼ አንድ ለቃቅሞ ሳሎኑን ሞላው። ከአንዱ ማራገቢያ፣ ከአንዱ ሚሞሪ፣ ከአንዱ ቆርቆሮውን። እያንዳንዱን በቀለም ብሩሽ እየጠረገ፣ እፍ እያለ፣ «ይሄ እኮ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ነው የጣለው» ይላል። እህቱ በኮምፒውተሮቹ መሃል እየተሹለከለከች ሻይ ታቀርብለታለች። ለአሮጌ ነገር እንዲህ የሚራራ ሰው... ለሁሉም አሮጌ አይደለም እንግዲህ፣ ሶኬት ላለው።

ዲስኮቹን የሚያቆምበት ሲያጣ ወደኔ መጣ። «እማማ፣ የሳህን መደርደሪያሽን ለአንድ ቀን አበድሪኝ» አለኝ። «እማማ»። ካቻምና «እትዬ» ነበርኩ፤ መቼ እንዳደግኩ አላውቅም። ሰጠሁት። ዲስኮቹን እንደ ሳህን በየመስመሩ ሰካቸው፣ መሃል መሃላቸው ነፋስ ይገባል፣ አይሞቁም። አየሁ፣ አደነቅኩ። አቧራ እንዳይገባ ደግሞ ማራገቢያው አፍ ላይ የእህቱን ስቶኪንግ ወጠረበት። አሮጌውን እንዳይመስልሽ፣ አዲሱን። «አሮጌው ተቀዷል፣ አቧራ ያስገባል» አለ። ልክ ነው። የተቀደደውን ለብሳ ልብስ ልታደርስ የሄደችው እሷ ናት።

እኔም እስከዛሬ ሳህኖቼን ፎጣ ላይ ነው የማደርቀው። ቅር አላለኝም። ለምን ቅር ይለኛል?

የኔን በር እያለፍን ነው እንዴ? ይለፍ፣ ይለፍ። አንቺን ሳልሸኝ አልገባም። ሽንኩርቱ የሚቸኩል ቀጠሮ የለውም።

የት ደረስኩ... አዎ። የእህቱንም ኮምፒውተር ፈታታው። ዲስኩን አወጣና እዚያው ከሌላ አሮጌ ዲስክ ጎን ሰካው። «እይ እትዬ፣ አሁን ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ ያለው ሁሉ ሌላውም ላይ አለ። አንዱ ቢሞት አንዱ አለልሽ፤ እጅሽን ሳታስገቢ ራሱ ይሠራል» አላት። ሴትዮዋ የዋህ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። «ሌላ ቦታስ፣ ፍላሽ ላይ እንኳ፣ ሐረጓን ብቻ ብታስቀምጥልኝ?» አለችው። «እትዬ፣ አንቺ ክርሽን ያዢ» አላት። በፍቅር ነው የሚላት። እንዲህ ያለ ፍቅር ሰምተሽ ታውቂያለሽ... ትሰሚያለሽ፣ ገና ነሽ።

ልመስክርለት፣ ሠራ። ክረምት አልፎ በጋ እስኪገባ ድምፁ አልተሰማም። ሰውዬውም ለመጣው እንግዳ ሁሉ የቁም ሳጥኑን በር እየከፈተ ያሳያል፤ ጫማዎቹ በላይ፣ ሰርቨሩ በታች። እህቱ የሠራችውን ጥልፍ ለእንግዳ ሲያሳይ ግን አላየሁም። ጥልፍ መብራት አያበራም መሰለኝ።

ኋላ አንደኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ያኔ ደግሞ ሴትዮዋ የዕድሜዋን ሥራ አግኝታለች። አንድ ሆቴል የጠረጴዛ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ የአልጋ ልብሱን ሁሉ በዚያች ሐረግ እንድትጠልፍለት ጠይቋታል። ሁለተኛ ማሽን ልታስገባ፣ ሁለት ሴቶች ልትቀጥር፣ የዓይኗን መነጽር ልታሠራ... እዚህ ደረጃ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ፤ እዚህ ደረጃ ማለቴ... አንድ ደረጃ ላይ። እየሳቀች። ጥርሷ እንዲያ ነጭ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሰውዬው «ግድ የለም እትዬ፣ ለዚህ ቀን ነው የሠራሁት» አላት። የሚሞተውን ነቀለ፤ ከየትም አምጥቶ አንድ ባዶ ዲስክ ሰካ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው አሉ። የቀረው ለሰርቨሩ «በሉ ሁለታችሁ አንድ ሁኑ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ሳይጠይቅ አያደርግም። የቱ የቱን ይምሰል ብሎ ይጠይቃል። ባዶው ሙሉውን ይምሰል፣ ወይስ ሙሉው ባዶውን?

በዚያች ደቂቃ ሰውዬው ስልክ ላይ ነበር። ከማን ጋር? እኔ በምን አውቄ። ፀጉር ቤት እንደተናገረው፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ «መጣሁ፣ መጣሁ የኔ ቆንጆ፣ አንድ ትንሽ ነገር ልጨርስ» ሲል ነበር። ቀጠሮ ነበረበት። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ሰሞን ነው። አንቺ ያን ሰሞን የት ነበርሽ... ተይው፣ አንቺን ከዚህ ጋር ምን አገናኘሽ? ሙሉው ባዶውን ይምሰል ብሎ ተጫነ። ሰርቨሩ «እርግጠኛ ነህ?» አለው። አዎ አለ። «ያለው ሁሉ ይጠፋል» አለው። አዎ አለ፣ ሳያነብ። እንዲህ ሳያንገራግር «አዎ» የሚል ወንድ ስንቷ ሴት ፈልጋ አጥታለች፤ የደረሰው ለሰርቨሩ ብቻ ነው።

ሽቶውን ተረጨ፣ ወጣ። ዲስኮቹ እዚያ ሳህን መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ቀስ እያሉ አንድ ሆኑ። ባዶው እኮ ክፉ አይደለም፤ አልቀማም፣ አልሰበረም። ያለውን ነው ያካፈለው። ወፏ ሄደች። ዓርማው ሄደ። ሐረጓም... መጋጠሚያዋ እንዳይታይ ያን ሁሉ ተለፍቶባት፣ ይኸው ራሷም አትታይም።

ቆይ፣ አንድ ጊዜ... ደረቴ ነው። አንቺም እኮ ቀለምሽ ተለወጠ። ደረጃው ነው አይደል?

የዚያኑ ዕለት ምሽት እህቱ በማግስቱ የሚለብሰውን ሸሚዝ ልትተኩስለት ካውያ ሰካች። መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። የዚህ ሕንፃ መብራት መቼ ብልጭ ሳይል ውሎ ያውቃል... ይሄም ሕንፃ፣ ሌላውም ሕንፃ፣ ያው ነው። እሱ ሲመለስ ሐረጓን ሊያወጣላት ሰርቨሩን ከፈተ። ነጭ። ወዲያ ቢል ነጭ፣ ወዲህ ቢል ነጭ።

እንግዲህ የሰውዬው ጨዋነት የታየው እዚህ ላይ ነው። አልዋሸም። አንዲት የውሸት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ዞር አለና «እትዬ... ካውያ ሰክተሽ ነበር?» ብቻ አላት።

«አዎ፣ ሸሚዝህን ልተኩስ...»

በረጅሙ ተነፈሰ። ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ሌላ ምን አደረገ? ምንም። «መብራቱ ብልጭ ብሎ ነበር» አለችው፤ «እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለችው። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ «አይዞሽ እትዬ፣ ማንም ይሳሳታል» አላት።

ይቅር አላት እኮ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይመጣል? ጥፋቱን ራሱ አምጥቶ፣ ይቅርታውንም ራሱ ጨምሮ፣ ለሷ የተረፋት ማልቀስ ብቻ። ጉልበቱን ይዛ «በድዬሃለሁ፣ ስንት ቀን የለፋህበትን» ስትለው ሰማሁ። በጆሮዬ። የኔ ጣሪያ ቀጭን ነው። እሱ የለፋበትን አለች፤ የሷን አላለችም።

ሆቴሉ ድረስ ራሷ ሄዳ «ካውያ ሰክቼ ሥራዬን አጠፋሁት» አለቻቸው። እዚያ የተቀበለቻት ሴትዮ ካውያና ጥልፍ ምን እንዳገናኛቸው አልገባትም፤ ሥራውን ለሌላ ሰጠች። ከዚያ የልጄን ቬሎ ተውሳ ወሰደች፣ እያየች ደግማ ልትሠራት። አበባው ወጣላት፣ ቅጠሉ ወጣላት፤ መጋጠሚያው ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አለ። «ያን ጊዜ ስሠራት አልፈራም ነበር» ብላ ቬሎውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። አሁን ካውያ ስትሰካ ታስፈቅደዋለች። «ልሰካው?» ትለዋለች በሩ ላይ ቆማ። የሚተኮሰው የሱ ሸሚዝ ነው። «ስኪው እትዬ፣ አትፍሪ» ይላታል። ሲያበረታታት ብትሰሚ።

ፀጉር ቤት ግን ሌላ ነው። እየሳቀ ነው አሉ የነገረው። «ባዶውን ሙሉው ላይ ገለበጥኩት፤ ምን ላድርግ፣ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሰው ነውና መቀሱን አቁሞ «እህትህ ታውቃለች?» አለው። «ምን ይጠቅማታል? አንዴ ለምዳዋለች። አሁን ብነግራት ትጎዳለች» አለው። አየሽ? ለሷ አስቦ ነው። ከዚያ «ከኋላው ትንሽ አሳጥርልኝ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» ብሎ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

ድምፄ ከፍ አለ? ጆሮዬን ነግሬሻለሁ። እዚህ ላይ ሲደረስ ደግሞ የባሰ ይደፈናል።

እንግዲህ ሁሉም የሚሆነውን ሆነ። ጥልፍ ጠላፊዋ ልብስ ስፌት ቤት ውላ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። ማሽኗ አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ ሰውዬውን አሁንም ይቆርጠዋል፤ ሥራው ነው። የሳህን መደርደሪያዬ አልተመለሰም። ሰርቨሩ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዴ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ሁለት ባዶ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ሌላውን ሌት ተቀን እየጠበቁ፣ አንድ ነገር ጠፍቶባቸው አያውቅም። ምን ይጠፋቸዋል? ሰውዬው ሲያገባ ይዞት ይወጣል አሉ... ሰርቨሩን። እህቱን አላልኩም።

ደረስን። ይኸው በርሽ... የምትሄጂበት በር ማለቴ ነው።

ምነው፣ ላፕቶፑን ደረትሽ ላይ አጣበቅሽው? ያን ያህል ከባድ ነበር? ደወሉን ልጫንልሽ? ቆይ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ነፋስ ነው የከፈተው ወይስ ከጅምሩ ክፍት ነበር...

ውይ፣ እህቴ፣ እዚሁ በሩ ኋላ ነበርሽ? ካውያውንና ሸሚዙን አንድ ላይ እንደያዝሽ? እኛ እኮ ስለማናውቀው ሰው ነበር የምናወራው። ምነው እንዲህ ቆምሽ፣ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ። ሸሚዙ እየነደደ ነው መሰለኝ፣ ይሸታል። ተይው፣ ይንደድ። ከፈለግሽ ንቀይው... ለመንቀል እንኳ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። እንዲያ፣ እሰይ። አሁን ቁጭ በዪ። ያን ቬሎ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ መጋጠሚያውን አብረን እንፈልገዋለን።

አንተም አለህ? ስልክህን አትዝጋው፣ ጨርስ፣ እኛ አንቸኩልም። እጮኛህን በደረጃው አጅቤ አመጣሁልህ። ስለ ምን አወራችሁ? ስለ ሊፍቱ ነዋ። ይኸው ላፕቶፗን ይዛልህ መጥታለች፣ ሥዕሎቿ ሁሉ እሱ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቦታ የሉም። ተቀበላት እንጂ። ስጪው ልጄ... አትሰጪውም? እሺ፣ ክንድሽ ላይ ይቆይ። እሱ አይቸኩልም፤ ቁም ሳጥኑ የትም አይሄድም።

በሉ እኔ ሳህኖቼን ልጠብ። ልጆቼ፣ እግዜር ጎጇችሁን ያሙቀው። ከቤታችሁ መብራት አይጥፋ። ሁለታችሁንም አንድ ያድርጋችሁ፤ እሷም እንዳንተ ትሁን... አንተም እንዳንተው።